ከደጃፍ እስከ ደጃፍ በባጃጅ፤ ከዕለት ኑሯችን የወጣው የእግር ጉዞ እንዴት ይመለስ?

ማለዳ ነው። ከዲላ ከተማ በላይ ካሉት ኮረብታማ ቀበሌዎች ወደ ገበያ የሚወርዱ አርሶ አደሮች፣ ገሚሱ ሙዝና አቮካዶ፣ ገሚሱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክመው ቁልቁለቱን ጨርሰው አስፋልቱ ላይ ይደርሳሉ። በዚያው ሰዓት ከአስፋልቱ ዳር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ባጃጅ ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ከቤቱ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ቢሆን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። አንደኛው ፀሐይ ሳትጠነክር የቀኑን የእግር ጉዞ ጨርሷል። ሁለተኛው ከቤት ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ምግብ ቤት ሲል ውሎ ማታ በባጃጅ ይመለሳል።

ስለ ጤና ሲነሳ «እንቅስቃሴ ማድረግ ነበረብኝ፤ ግን ጊዜ የለኝም» የሚለው አባባል በከተሞቻችን የተለመደ ሆኗል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ከሥራ በኋላ የልጆች ጉዳይ አለ፤ ለቅሶና ሠርግ፣ ዕድርና ዕቁብ አለ፤ ተጨማሪ ትምህርት የሚማርም ብዙ ነው። ሆኖም የእግር ጉዞ ለወላጆቻችን የተለየ ሰዓት የሚጠይቅ ስፖርት አልነበረም። ወደ ገበያ፣ ወደ ማሳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ፣ ወደ ዘመድ ቤት የሚያደርሳቸው የኑሮ ክፍል ነበር። እኛ ቀስ በቀስ፣ ሳናስተውለው፣ ከቀናችን አወጣነው። ስለዚህ መፍትሔው አዲስ ሰዓት መፈለግ ሳይሆን፣ የወጣውን ጉዞ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ጥቂት በጥቂት መመለስ ነው።

በእግር የተሠራ ምድር

የጌዴኦ ምድር የእግር ምድር ነው ማለት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በተዳፋት ላይ የተዘረጋው ይህ አካባቢ ትልልቅ ዛፎች ከላይ፣ እንሰት በመካከል፣ ቡናና ሌሎች ተክሎች ከሥር ሆነው አብረው የሚያድጉበት ጥምር የደንና የግብርና ሥርዓት ባለቤት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ዕውቅናው ይህንን በትውልዶች ድካም የተጠበቀ ሥርዓት የሚያካትት ነው።

ይህ ሥርዓት በማሽን የተገነባ አይደለም። እንሰቱን የተከለው፣ ቡናውን የለቀመው፣ ዛፉን የጠበቀው ሰው በቀጫጭን መንገዶች ሽቅብና ቁልቁል እየተመላለሰ ነው። ዛሬም ቢሆን ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከቡሌ እስከ ጌዴብ፣ መኪና የማይገባባቸው በርካታ ማሳዎች የሚደረሱት በእግር ብቻ ነው። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል፣ የቡና ለቀማው በሚጦፍበት ወቅት፣ ቀይ እሸት ቡና ተሸክሞ ወደ መሸጫ ቦታ የሚመላለስ ቤተሰብ ስለ እርምጃ ብዛት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም።

ለውጡ የመጣው ከዚህ ቤተሰብ ልጅ አንዱ ተምሮ ከተማ ሲገባ ነው። ልጁ ባንክ ይቀጠራል፤ ወይም ሱቅ ይከፍታል፤ ወይም ባጃጅ ገዝቶ ይሠራል። የአመጋገብ ልማዱ ብዙም ሳይለወጥ፣ ምናልባትም ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ፣ ዘይት የበዛበት ምግብ ተጨምሮበት፣ በየቀኑ ሰውነቱ የሚያወጣው ጉልበት ግን በእጅጉ ይቀንሳል። አባቱ ቆጮ በልቶ ዳገት ይወጣ ነበር። እሱ በልቶ ይቀመጣል። በከተሞቻችን ገና በጎልማሳነት ዕድሜ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ከሚታይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የኑሮ ለውጥ ነው።

ሹፌሩና ረዳቱ

ብዙ መቀመጥ ልብን እንደሚጎዳ በሰፊው ካመላከቱት ቀደምት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ፣ ተቀራራቢ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ልዩነታቸው ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው ውጤት መሠረት የልብ ሕመም ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በሹፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ሌሎች ምክንያቶችንም እየመረመሩ ግኝቱን አጠናክረውታል።

የዚህ ጥናት መልእክት ለእኛም ቅርብ ነው። በዲላ መናኸሪያ ረዳቱ ሲጣራ፣ ሲወርድ ሲሳፈር፣ ዕቃ ሲጭን ይውላል፤ ሹፌሩ ግን ከመሪው አይነሳም። ባጃጅ የሚያሽከረክረው ወጣት ደግሞ ረዳት እንኳ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ስንራመድ የእግርና የዳሌ ትልልቅ ጡንቻዎች ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰዱ ለጉልበት ይጠቀሙበታል። ልብ ደምን በበለጠ ፍጥነት ስለሚረጭ የደም ሥሮች የመለጠጥ ችሎታቸውን ይጠብቃሉ። ለረጅም ሰዓት ስንቀመጥ ግን እነዚህ ጡንቻዎች ሥራ ይፈታሉ፤ ከምግብ በኋላ የሚጨምረው የደም ስኳርም ቶሎ አይወርድም። ከምሳ በኋላ የሚደረግ የአሥር ወይም የአሥራ አምስት ደቂቃ ጉዞ ጥቅሙ የሚጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

የጉዳቱ አደገኛነት ድምፅ አለማሰማቱ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ተመልክቷል። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው፣ ሰው በሽታው እንዳለበት የሚያውቀው ልቡ፣ ኩላሊቱ ወይም አንጎሉ ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከቤተሰቡ መካከል በድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለትን ሰው የሚያስታምም አባወራ ወይም እማወራ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። የእግር ጉዞ ይህንን ሁሉ ብቻውን አያስቀርም፤ ነገር ግን ያለ ገንዘብ ከምናገኛቸው መከላከያዎች ዋነኛው ነው።

ስንት ደቂቃ፣ ስንት እርምጃ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዝቅተኛው መጠን በሳምንት ለአምስት ቀናት፣ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ምክሩ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው። ቀድሞ «ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ይህንን አንስቶታል። አምስት ደቂቃም ትቆጠራለች። ሥራ የበዛበት ሰው ሊያስታውሰው የሚገባው ይህንን ነው።

በስልክ ላይ እርምጃ የሚቆጥሩ ሰዎች «በቀን 10,000» የሚለውን ቁጥር ደጋግመው ይሰማሉ። የቁጥሩ መነሻ የሕክምና ጥናት አልነበረም። ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ የቀረበ እርምጃ ቆጣሪ መሣሪያ ስሙ «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» የሚል ትርጉም ነበረው፤ ቁጥሩም ከዚያ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2025 የ57 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ደግሞ፣ በቀን 7,000 ያህል እርምጃ የሚራመዱ ሰዎች 2,000 ብቻ ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ47 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህ ልዩነት ሁሉ የመጣው ከእርምጃው ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ጤነኛ ሰው ድሮም የበለጠ ይራመዳልና። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ከ2,000 ወደ 4,000 ከፍ ማለትም ጥቅም አለው፤ 10,000 አልሞላም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ስልክዎ እርምጃ ባይቆጥርም አይጨነቁ። በመጠነኛ ፍጥነት የሚሄድ ሰው በደቂቃ 100 ያህል እርምጃ ይራመዳል። ለ15 ሰከንድ እርምጃዎን ይቁጠሩ፤ 25 ከሞላ ፍጥነትዎ በቂ ነው። አሥር ደቂቃ 1,000 እርምጃ፣ ግማሽ ሰዓት 3,000 እርምጃ ያህል ይሆናል። ሌላው መለኪያ ትንፋሽ ነው፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካስቸገረዎ፣ ጉልበቱ መካከለኛ ነው። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ቢቀንስም ልብ የሚሠራው ሥራ ይጨምራል። ስለዚህ በዲላና በይርጋጨፌ ሽቅብ የሚራመድ ሰው በሜዳ ላይ ካለው ይልቅ በአጭር ጊዜ ብዙ ይጠቀማል።

ሥራ ለበዛበት የከተማ ነዋሪ

ሠላሳውን ደቂቃ በአንድ ጊዜ ማግኘት ለሚከብደው ሰው ለሦስት መክፈል ይጠቅማል። ጠዋት አሥር፣ ከምሳ በኋላ አሥር፣ ማታ አሥር ደቂቃ።

የጠዋቱን ከመጓጓዣው ላይ መውሰድ ይቻላል። ባጃጁን ደጃፍዎ ላይ ከመጥራት ይልቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሄደው ይሳፈሩ፤ ወይም ከመሥሪያ ቤትዎ ቀደም ብለው ይውረዱ። መንገዱ አጭር ከሆነ ሙሉውን በእግር መሄድ የትራንስፖርት ወጪን ይቀንሳል። ባጃጅ ለመጠበቅ የሚጠፋው ጊዜ ሲደመርበት ደግሞ በእግር የሄደው ሰው ብዙም ሳይዘገይ ይደርሳል።

የቀትሩን ከምሳ ጋር ያያይዙት። ቡናውን ከምግብ ቤቱ ራቅ ብሎ ካለ ጀበና ቡና ቤት መጠጣት አንዱ ዘዴ ነው። ከባልደረባ ጋር የሚነጋገሩት ጉዳይ ካለ ወንበር ስቦ ከመቀመጥ እየተራመዱ መነጋገር ይቻላል። ስልክ ሲደወልም ተነስቶ በግቢው ውስጥ እየዞሩ ማነጋገር ሳይታሰብ በርካታ ደቂቃዎችን ያስገኛል።

የማታው ለቤተሰብ የሚተርፍ ነው። ልጆችን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፣ ዕድር ቤት በእግር ደርሶ መመለስ ሁሉ ይቆጠራል። እሑድ ደግሞ ረዘም ላለ ጉዞ ይመቻል። የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች አይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ብዙ ነውና፣ ወደ ቱቱ ፈላ ወይም ወደ ጨልባ ቱቲቲ ተጉዞ በአካባቢው በእግር መዘዋወር ጤናንና ታሪክን በአንድ ቀን ያገናኛል።

ከቦታቸው መራቅ የማይችሉ ሰዎችም አሉ። ባለ ሱቅ ደንበኛ በሌለበት ጊዜ ከመቀመጥ ዕቃ ማስተካከልና በደጃፉ ላይ መመላለስ ይችላል። የባንክና የቢሮ ሠራተኛ በየሰዓቱ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ይነሳ። የባጃጅ አሽከርካሪ ተራ ሲጠብቅ ወርዶ ቢራመድ፣ በቀን ውስጥ ከሚጠብቀው ጊዜ ሠላሳውን ደቂቃ ማግኘት አይቸገርም። በዝናብ ወቅት ጃንጥላና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋሉ፤ ጭቃው ሲብስ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በቢሮ ኮሪደር መመላለስም ይቆጠራል።

ለአርሶ አደሩስ?

«በቀን 7,000 እርምጃ» የሚለው ምክር ዳገት ሲወጣ ለሚውል አርሶ አደር የተጻፈ አይደለም። በሥራ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ በመመሪያው ይቆጠራልና፣ ማሳው ላይ የሚውል ሰው ከሚመከረው መጠን በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የእሱ ጥያቄ የተለየ ነው፤ እንዴት ሳይጎዳ ይራመድ?

የመጀመሪያው ጉዳይ ጫማ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ በተለምዶ «ዝሆኔ» ከሚባለው የእግር እብጠት አንዱን ዓይነት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ያስከትላል። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ በእጅጉ ከተጠቁ አገሮች አንዷ ናት። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ስለዚህ ለልጅ የሚገዛ ጫማ ከልብስ ማሳመሪያነት አልፎ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ጭነት ነው። ከባድ ሸክም በአንድ ጊዜ ከመሸከም ሁለት ጊዜ መመላለስ ለወገብና ለጉልበት ይሻላል። እንጨትና ውኃ የሚሸከሙ ሴቶች፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮች፣ ጫናው እንዲቀንስላቸው ቤተሰቡ ሥራውን መከፋፈል ይኖርበታል። ለእነሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉዞ ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው መዘናጋት ነው። «እኔ ስሠራ ስለምውል ደም ግፊት አይነካኝም» ማለት ስሕተት ነው። ጨው የበዛበት ምግብ፣ አልኮል፣ ትንባሆ፣ ዕድሜና የቤተሰብ ዝንባሌ ጠንካራ ሠራተኛንም ያጠቃሉ። ወደ ከተማ ለገበያ ሲወርዱ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ የደም ግፊትን መለካት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ዕድሜ ገፍቶ ማሳውን ለልጆች ያስረከበ አባት ወይም እናት ደግሞ በድንገት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም። ወደ ጎረቤት፣ ወደ ሽምግልና፣ ወደ ጸሎት ቤት መመላለሱ ጉልበቱንም ሚዛኑንም ይጠብቅለታል።

ማን ይጠንቀቅ?

ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው በአምስት ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር አለበት። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው ወይም የሚጨመድደው፣ ያለ ልክ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ቆሞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የስኳር ሕመምተኛ ከጉዞ በፊትና በኋላ እግሩን ይመልከት፤ ስሜቱ የደነዘዘ እግር ቁስልን አይናገርምና። የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእግር መሄድ ስለጀመረ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

መንገዱም ድርሻ አለው

ራመዱ ብሎ መምከር ቀላል ነው። የሚራመዱበት ቦታ ከሌለ ግን ምክሩ ባዶ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን አቋርጦ ያልፋል። ከባድ ተሽከርካሪ በሚፈስበት በዚህ መንገድ ዳር የሚሄድ እግረኛ ሕይወቱን በጥንቃቄው ላይ ይጥላል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ስፍራ ተሽከርካሪ ፊት ለፊት በሚታይበት በግራ በኩል መሄድ፣ ማለዳና ማታ ነጣ ያለ ልብስ መልበስ፣ ስልክ እየተመለከቱ አለመሻገር ሕይወት ያድናል።

ነገር ግን ሸክሙ በእግረኛው ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አዘጋጅቷል፤ ዓላማውም ለእግረኛና ለብስክሌት ተገቢውን ስፍራ መስጠት ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ከተሽከርካሪ ነፃ አድርጎ ለሰው መልቀቅ እንደሚቻል አሳይቷል። ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች እየሰፋ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የእግረኛ መንገድ ሲሠራ በሸቀጥ እንዳይያዝ፣ የውኃ መውረጃ ቦዩ ክዳን እንዲኖረው፣ ማታ መብራት እንዲበራ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው። ሴቶች ከመሸ በኋላ በእግር መሄድ የሚፈሩበት ከተማ ግማሹን ነዋሪውን ወደ ባጃጅ እንደገፋ ይቆጠራል። ሸቀጡን ከእግረኛው መንገድ ላይ ማንሳት ደግሞ የባለ ሱቁ ድርሻ ነው።

በማለዳው መንገድ ላይ ወደተላለፉት ሁለት ሰዎች እንመለስ። አርሶ አደሩ ጫማና ቀለል ያለ ሸክም ያስፈልገዋል። ሠራተኛው የሚያስፈልገው ከባጃጁ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መውረድ ነው። ያችን አሥር ደቂቃ ነገ ጠዋት ቢጀምራት፣ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋትና ማታ ቢደግማት፣ 100 ደቂቃ ይሞላል። ከምሳ በኋላ ሌላ አሥር ደቂቃ ሲጨምርባት 150 ደቂቃው ተሟላ፤ ከቀኑ ላይ የተወሰደ የተለየ ሰዓት ሳይኖር።